የተፋቁት ነጥቦች

አንድ መካኒክ ነበረ። መጽሐፍ ላይ አትፈልጊው፤ የምነግርሽ ሰው በአንድ ቆላ ከተማ ጋራዥ ከፍቶ ሠርቶ የሚበላ ሰው ነው። አንቺ ጥያቄሽን ይዘሽ መጥተሽ ፊቴ ተቀምጠሻል። «ባል አገባሁ፤ ሚስቱ የሞተችበት ነው። ቤቱን አጸዳሁ፣ ቀለም አስቀባሁ፣ የሟቿንም ፎቶ አውርጄ በክብር ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ አታናግረኝም። ታዲያ ምን በደልኩ?» ነው ያልሽኝ። በቀጥታ ብመልስልሽ ትቆጪያለሽ፤ እኔ ደግሞ ለክርክር የሚሆን ጉልበት የለኝም። ስለዚህ የመካኒኩን ነገር ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

ይህ ሰው ንጽሕና ይወድ ነበር። መካኒክ ሆኖ ንጽሕና መውደድ እንግዳ ነገር ነው። የሌሎቹ ቱታ ዘይት ጠጥቶ ብቻውን ሊቆም ሲደርስ የእሱ በየሁለት ቀኑ ይታጠባል። የብሎን መፍቻዎቹ በየመጠናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ አንዱ ከቦታው ከተዛነፈ ምሳው አይወርድለትም። ጎረቤቶቹ ጋራዡን «ክሊኒኩ» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ ግን አይከፋውም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

አንድ ቀን አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ወደ ጋራዡ መጡ። አባታቸው የተዉላቸው አሮጌ መኪና አለች፤ ክብ ክብ መብራት ያላት፣ ትንሽዬ መኪና። አባትየው በሕይወት ሳሉ የከተማውን ሰው መንዳት ያስተማሩት በእሷ ነበር። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጓሮ ዛፍ ሥር ቆማ፣ ዶሮ ወንበሯ ላይ እንቁላል ስትጥልባት ኖራለች።

«እትዬ፣ ምን ላድርግልዎ?» አላቸው።

«እንድትነሳልኝ ነው። ልጅ ሆኜ የአባቴን መምጣት የማውቀው በሞተሯ ድምፅ ነበር። ከሩቅ ስሰማ ሮጬ በር እከፍት ነበር። ሌላ መኪና እንደዚያ ሲል ሰምቼ አላውቅም። አንዴ እንኳ ልስማው፤ ሌላ አልፈልግም።»

«ድምፅ ብቻ? እኔ እኮ አዲስ አድርጌ ነው የምሰጥዎት! ኮፈኑን ሲከፍቱ ፊትዎን ያዩበታል።»

«ፊቴን እንኳ አውቀዋለሁ» አሉ ሴትየዋ።

መካኒኩ አልሰማቸውም። ሞተሩ ገና ካሁኑ ሲያብረቀርቅ ይታየው ነበር።

ሥራውን እንደ ቀልድ አልያዘውም፤ ይህን ልመስክርለት። የዚያ ሞተር ዕቃ በአገሩ እንደሌለ ያውቃል። ፋብሪካውም መሥራቱን ከተወ ቆይቷል። አንድ ነገር ከተበላሸ ያችን መኪና ደግሞ የሚያስነሳት የለም፣ ሴትየዋም ያሉት ድምፅ ከዚህ ዓለም ይጠፋል ማለት ነው። ስለዚህ እያንዳንዷን ብሎን ሲፈታ ትንፋሹን ውጦ ነበር።

አሁን ትንሽ ታገሺኝ፤ ስለ ብረት ላወራሽ ነው። በሞተር ሆድ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰውን ፒስተን ከሚሽከረከረው ዋና ዘንግ ጋር የሚያያይዝ ክንድ የመሰለ ብረት አለ፤ መካኒኮች ቢየላ ይሉታል። በዚያች መኪና አራት ቢየላዎች ነበሩ። የቢየላው እግር ዘንጉን እንደ ቀለበት ያቅፈዋል። ቀለበቱ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግማሹ ከቢየላው ጋር የተሠራ ሲሆን ግማሹ ክዳን ሆኖ ከሥር በብሎን ይታሰራል። አራት ቢየላ፣ አራት ክዳን። ለዓይን ሁሉም አንድ ናቸው።

መካኒኩ እነዚህ ብረቶች ላይ ነጥቦች አየ። በመጀመሪያው ቢየላ ጎን አንድ ነጥብ፣ በክዳኑም አንድ። በሁለተኛው ሁለት ሁለት። እንዲህ እያለ እስከ አራት። ከብዙ ዓመት በፊት ሞተሩን የከፈተ አንድ መካኒክ በሹል ብረትና በመዶሻ የመታቸው ናቸው። አላሳመራቸውም፤ አንዱ ከመጠን በላይ ጠልቋል፣ አንዱ ተንሸራቶ ጭረት ሆኗል።

«ይሄን የመሰለ ብረት እንዲህ የወቀረው የትኛው አረመኔ ነው!» አለ ሰውየው። ከልቡ አዘነ።

የነጥቦቹን ትርጉም አያውቅም አልልሽም፤ ያውቃል። ማንኛውም መካኒክ ሞተር ሲከፍት የትኛው ክዳን የየትኛው ቢየላ እንደሆነ እንዳይጠፋበት እንዲህ ምልክት ያደርጋል። ይህ ሰው ግን በሥርዓቱ ይመካል። «እኔ በተራ በተራ ነው የማስቀምጠው፤ ምልክት ለዝርክርክ ሰው ነው» አለ። ነጭ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አነጠፈ፤ ቢየላዎቹን ከነክዳናቸው ደረደረ። ከዚያ ሞረድና የብርጭቆ ወረቀት ይዞ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ፋቃቸው። ማንም በማያየው በሞተር ሆድ ውስጥ እንኳ ጠባሳ አይወድም ነበር። ብረቱ እንደ ብር ማንኪያ አበራ።

ሥራው ሲያልቅ ጨርቁን አየው። ዘይት ነክቶታል። ይህ ሰው ደግሞ በቆሸሸ ጨርቅ ላይ የጸዳ ዕቃ ማየት አይችልም። ንጹሕ ጨርቅ ሊያነጥፍ ቢየላዎቹን አነሳ፣ ክዳኖቹንም ሰብስቦ «በዚያው አንዴ ልጠባቸው» ብሎ ነጭ ጋዝ ያለበት ሳፋ ውስጥ ጨመራቸው። አራቱም አንድ ላይ ገቡ። ሲያወጣቸው በእጁ ላይ አራት የሚያብረቀርቁ፣ እኩል የሆኑ፣ ምንም ያልተጻፈባቸው ክዳኖች ነበሩ። ልቡ አንድ ነገር ነገረችው። እሱ ግን «ይሄ አንደኛው ነበር፣ ይሄ ሁለተኛው» እያለ ደረደራቸው፤ እርግጠኛ መስሎ ደረደራቸው።

ሞተሩን ገጠመ። ዘንጉን በእጁ ሲያዞረው ከበደው። «አዲስ ነገር መጀመሪያ ላይ ጥብቅ ይላል» አለ ለራሱ። ውጪውን ቀለም ቀባ፤ የናሱን ቧንቧ እስኪነድ ድረስ ወለወለ። ከዚያ አዋላጇን ጠራቸው።

ሴትየዋ የክት ነጠላቸውን ለብሰው መጡ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አሳያቸው። «እግዜር ይስጥህ፣ አምሯል» አሉት፤ ግን ዓይናቸው የመኪናዋ ማስነሻ ቁልፍ ላይ ነበር። አስነሳው። ሞተሩ ተነሳ፤ ወዲያው ግን ከሆዱ ብረት በብረት የሚመታ ድምፅ ወጣ። መካኒኩ ደቂቃ ሳይሞላ አጠፋው።

«አመማት» አሉ አዋላጇ፣ ቀስ ብለው። በሥራ ዘመናቸው ብዙ ጣር ሰምተዋል። አልተቆጡም፣ አልጮሁም፤ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እሱን ያቃጠለው አለመቆጣታቸው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩን እንደገና ፈትቶ ክዳኖቹን በእጁ ይዞ ወደ ጎረቤቱ ሄደ። ጎረቤቱ ቶርኖ በሚሉት የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ብረት የሚያርም ሽማግሌ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከብረት ጋር የኖረ፣ ለሰው ብዙ ቃል የማያባክን። ሽማግሌው አንዱን ክዳን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ሌላውን አየ።

«ነጥቦቹ የታሉ?» አለ።

«ፋቅኋቸው ጋሼ። አስቀያሚ ነበሩ።»

«ማን ደስ እንዲለው?»

ሽማግሌው ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ቢየላና ክዳኑ መጀመሪያ ፋብሪካ ሲሠሩ አንድ ላይ ታስረው ነው የተበሱት። ለአንተ ዓይን አራቱ እኩል ናቸው፤ ለዘንጉ ግን አይደሉም። ፀጉር በምታህል ነገር ይለያያሉ፤ በዚያችው ፀጉር በምታህል ነገር ነው ሞተር የሚሞተው። ያ አረመኔ ያልከው ሰውዬ ይሄ የዚህ ነው፣ ያ የዚያ ነው ብሎ ከሱ በኋላ ለሚመጣው እየነገረው ነበር። አንተ አፉን ዘጋኸው። ይሄን ደግሞ ታውቃለህ፤ ማወቅህ ነው እኔን የሚያናድደኝ።»

«ክፉ አስቤ አይደለም እኮ ጋሼ። ላሳምራት ብዬ ነው።»

«ክፉ አሰብክ ያለህ የለም። ክፉ ያሰበ ሰው እኔ ጋ አይመጣም» አለ ሽማግሌው። ከዚያ ዘንጉን እንዲያመጣለት ነገረው። ጭረት ወጥቶበታል፤ ሞተሩ በጊዜ ስለጠፋ ግን ዘንጉ አልሞተም። «እኔ ዘንጉን አስተካክልልሃለሁ። የትኛው ክዳን የየትኛው ቢየላ እንደሆነ ግን አንተው ፈልግ። እሱን የሚያውቅ ማሽን እኔ ጋ የለም።»

ፈለገ። አንዱን ክዳን ከአንዱ ቢየላ ጋር ያስራል፤ ጥፍሩን በቀለበቱ ውስጥ፣ ሁለቱ ብረቶች በሚገናኙበት ላይ ያስኬዳል። ጥፍሩ ከተያዘ ክዳኑ የዚያ ቢየላ አይደለም፤ ይፈታዋል። ክዳኑን አዙሮ ያስራል፤ አሁንም ጥፍሩን ያስኬዳል። ከዚያ ሌላ ክዳን። ከዚያ ሌላ ቢየላ። መጀመሪያ ቀን ሁሉም የሚይዝ ይመስለው ጀመር፤ ቀጥሎ ደግሞ ሁሉም ለስላሳ መሰለው። ጣቱ ደነዘዘ። ቱታውም ቆሸሸ፤ ዞር ብሎ አላየውም። በሁለተኛው ቀን አንዱ ክዳን ከአንዱ ቢየላ ጋር ሲታሰር ጥፍሩ ምንም ሳይነካው አለፈ። ደግሞ አስኬደው፤ አለፈ። በደስታ ጮኸ ይባላል። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ አራቱም ከየራሳቸው ጋር ተገናኙ።

ያኔ ሹል ብረትና መዶሻ አነሳ።

ይህ ነው የከበደው። ያን ሁሉ ሰዓት ለፍቶ ያሳመረውን፣ እንደ መስታወት ያደረገውን ብረት በገዛ እጁ ሊያቆስለው ነው። መዶሻውን ሁለት ጊዜ አንስቶ መለሰው። በሦስተኛው መታ። የመጀመሪያው ምት ተንሸራተተና ጭረት ሆነ። ሰውየው ጭረቱን ትኩር ብሎ አየው፤ ያንን ስሙን እንኳ የማያውቀውን የጥንት መካኒክ በልቡ ይቅርታ ጠየቀው። ከዚያ አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት፣ አራት አራት እያለ ሁሉንም ጥልቅ አድርጎ መታቸው።

ዘንጉ ተስተካክሎ ሲመጣ ሞተሩን ገጠመው። በእጁ ሲያዞረው ዞረለት። ወደ አዋላጇ ቤት ራሱ ሄዶ ለመናቸው፤ መጡ፤ የክቱን ነጠላ ግን አልለበሱም። አስነሳው። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳል አለና ማጉረምረም ጀመረ። መካኒኩ ሴትየዋን አየ። እሳቸው ሞተሩን አላዩትም፤ የወለወለውንም ናስ አላዩትም። ፊታቸውን ወደ ግቢው በር አዞሩ፤ እጃቸው መዝጊያ ሊከፍት እንደሚሄድ ሰው ተዘረጋ። እንዲያ እንደሆኑ ብዙ ቆዩ። እሱም አላጠፋውም።

ነገሩ ይኸው ነው ልጄ። አሁን ወደ አንቺ ቤት እንግባ።

ቤት ማጽዳትሽ ኃጢአት አይደለም። ፎቶውን ስታወርጂም ሌላዋ ብትሆን ቀዳ ትጥለው ነበር፤ አንቺ በክብር ጠቀለልሽው። እመሰክርልሻለሁ። መካኒኩም ግን ክዳኖቹን ያጠባቸው ስለወደዳቸው ነበር። ያ ፎቶ ለአንቺ ዓይን የሌላ ሴት ፊት ነው፤ አዲስ ቀለም ላይ ያለ ጠባሳ ነው። ለዚያች ልጅ ግን የማን እንደሆነች የሚነግራት ነጥብ ነው። ጠዋት ስትነሳ ታየው ነበር፤ አሁን ስትነሳ የምታየው ንጹሕ ግድግዳ ነው። ዝም ያለችሽ ጠልታሽ አይምሰልሽ። ያለ ቦታዋ ታስራ ነው ጥብቅ ያለችብሽ፤ አንቺ ደግሞ «አዲስ እናት ነኝ፣ እስክትለምደኝ ነው» እያልሽ ዘንጉን በግድ ታዞሪያለሽ።

እናቷን አትሆኚላትም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁኚላት ያለሽም የለም። የእናቷን ቦታ የምታውቅላት ሴት ከሆንሽላት ግን ያች ልጅ አንድ ቀን ከአንቺ ጋር ትገጥማለች፤ መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ ጣትሽ እስኪደነዝዝ ትጠብቂያለሽ።

«ባሌን ፎቶውን መልሰህ ስቀለው ልበለው?» ልትዪኝ ነው፤ ከፊትሽ ላይ አነበብኩት። አይሆንም። እሱ ቢሰቅለው እሱ አሸንፎሽ ሰቀለው ይሆናል። የፋቀው ነው መልሶ የሚመታው። ፎቶውን ከሣጥን አውጪው፣ ልጅቷን ጥሪያት፣ የት ቦታ እንደምትፈልገው ጠይቂያት፤ ከዚያ እያየችሽ ሚስማሩን በገዛ እጅሽ ምቺው።

ግድግዳው ገና አሁን ነው ቀለም የተቀባው እንዳትዪኝ።