ሰፈሩን ሃያ ዓመት ያጠኑት ፕሮፌሰር

ፕሮፌሰር ይልቃል የከተማ ጂኦግራፊ ምሁር ነበሩ፤ ሙሉ ፕሮፌሰርነቱን ያገኙት ስለ አንድ የቆየ ሰፈር በጻፉት መጽሐፍ ነው። ሰፈሩ ይፍረስ አይፍረስ የሚለው ጥያቄ ሲነሳ፣ የመጨረሻውን ፊርማ እንዲያኖሩ የተመረጡትም እሳቸው ሆኑ።

ከነዋሪዎቹ ጋር ስብሰባ በተያዘበት ዕለት እሳቸውና እኔ ረዳታቸው ካርታ ይዘን ሰፈሩ ገባንና ጠፋን። በአንድ መተላለፊያ ሦስት ጊዜ ስናልፍ ያየችን ጉሊት ቸርቻሪ አዘነችልን፤ በሰው ጓሮ፣ በተሰጣ ልብስ ሥር አሹልካ የእድሩ አዳራሽ አደረሰችን።

ፕሮፌሰሩ ላባቸውን ጠርገው፣ “ሰፈሩ ቅርስ የሚባል ነገር የለውም። እንዲፈርስ ፈርሜ እሄዳለሁ” አሉ።

የእድሩ ዳኛ፣ “ጌታዬ፣ ሰፈሩን መች አወቁትና?” አሏቸው።

ፕሮፌሰሩ ተቆጡ። “ሃያ ዓመት ያጠናሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሰፈር እናንተ የምታውቁትን፣ እኔ ግን የማላውቀውን አንድ ነገር ያሳየኝ ሰው ካለ የማፍረሻውን ወረቀት እዚሁ እቀደዋለሁ።”

ካርታውን ቢሮ ተቀምጬ የሳልኩት እኔ ነበርኩና አንገቴን ደፋሁ።

ቸርቻሪዋ ከኋላ ተነሳች። “አይቆጡ ጋሼ፣ አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅዎት።”

“ጠይቂ።”

“መውጫው በየት በኩል ነው?”

ፕሮፌሰሩ ካርታውን አዩ፣ በሩን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ወረቀቱን ለሁለት ቀደዱት።

“በሉ ይከተሉኝ” አለች ሴትየዋ። “ልብሱ ጋ ስንደርስ ግን እንደ ቅድሙ ጎንበስ ይበሉ።”