በውርጭ የምትሮጠው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ታኅሣሥ በገባ በሳምንቱ፣ ዳለቻ የምትባል አህያ ከጅብራ በቀር ዛፍ በማይበቅልበት ከፍተኛ ተራራ ላይ ብቻዋን ቀረች። ጌቶቿ ጨው ነጋዴዎች ነበሩ። ለምሳ ጭነት ባራገፉበት ሰዓት እሷ ሣር ፍለጋ ራቅ አለች፤ ወዲያው ጉም ወረደ። ነጋዴዎቹ ጠሯት፣ ፈለጓት፤ ሲያጧት ጊዜ ጭነቷን ለሌሎቹ አህዮች አካፍለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ጉሙ ሲገለጥ በተራራው ላይ አንድም ጓደኛ አልነበረም።

ዳለቻ ጮኸች። የመለሰላት የገደል ማሚቶ ብቻ ነው። የመጣችበት መንገድ ጠፍቷት ልትወርድ ብትሞክር ግራውም ገደል፣ ቀኙም ገደል ሆነባት።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሣሩ ሁሉ ነጭ ሆኖ አገኘችው። አጠገቧ ያለው ምንጭ በረዶ ሆኖ ደንድኗል። በሽፋሽፍቷ ላይ ውርጭ ተጋግሯል፤ እግሮቿም የእሷ አልመስል አሏት።

«እንደ ጅብራ ከተገተርኩ ጅብራ ሆኜ መቅረቴ ነው» አለችና መሮጥ ጀመረች።

ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ እስከ ገደሉ አፋፍ፣ ከአፋፉ ተመልሳ እስከ ቋጥኙ ሮጠች። አየሩ ደረቷን እንደ ሚጥሚጣ አቃጠላት። ጆሮዎቿ ታመሙ፤ በኋላም ሕመሙ ጠፋ፣ ያ ደግሞ ይበልጥ አስፈራት። ፀሐይ እስክትወጣ አላቆመችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየማለዳው ትሮጥ ነበር። የራሷን ኮቴና የራሷን ትንፋሽ እንጂ ሌላ የምትሰማው የለም። አንዳንዴ ሌሎች ኮቴዎች የሚከተሏት ይመስላትና ዞር ትላለች። ማንም የለም።

በቋጥኙ ጀርባ አያ ጅቦና እመት ቀበሮ ሲያዩዋት ሰነበቱ።

«ዛሬስ ልዝለልባት!» አለ ጅቡ ምራቁን እየዋጠ።

«ተው አንተ! እንዲህ ሰውነቷ ሞቆ ሳለ በእርግጫ ጥርስህን ታረግፈዋለች» አለችው ቀበሮ። «ውርጩ ይግደላት፣ እኛ እንብላ። አንተ እዚህ ቁጭ በል፤ እኔ እስክጠራህ ንቅንቅ እንዳትል።»

በአሥራ ሁለተኛው ማለዳ ቀበሮ ወደ ዳለቻ ቀረበች።

«እንዴት አደርሽ፣ እህቴ?»

ዳለቻ ቀጥ ብላ ቆመች። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ እንዴት አደርሽ ያላት አልነበረም። ዓይኖቿ እንባ ሞሉ።

«እግዜር ይመስገን» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ምነው እንዲህ መንገላታትሽ? ከኋላሽ የሚያባርርሽ የለ፣ ከፊትሽ የሚጠብቅሽ የለ።»

«ካልሮጥኩ ብርዱ ይገድለኛል።»

«ብቻሽን ስለሆንሽ ነዋ! ነይ፣ ነፋስ በማያገኘን በቋጥኙ ሥር ጋደም እንበል። የእኔ ጠጉር ላንቺም ይተርፋል።»

ዳለቻ ጥቂት አመነታች። ግን ብርዱን ብትችለው ብቸኝነቱን አልቻለችውም። ሄዳ ተኛች፤ ቀበሮም ከጀርባዋ ተለጠፈች። ዳለቻ ስለ ጓደኞቿ አወራች፤ ማን ቀርፋፋ እንደ ነበር፣ ማን ሽቅብ ላይ እንደሚያለከልክ ነገረቻት። ቀበሮ «እህ፣ እህ» ትላለች። ቀስ በቀስ የዳለቻ እግሮች ደነዘዙ። እንቅልፍ መጣ፤ ደስ የሚል እንቅልፍ። ብርዱም የጠፋ መሰላት።

በዚህ ጊዜ ከቋጥኙ ጀርባ አንድ ጎርናና ድምፅ ጮኸ፦

«እመት ቀበሮ! በረደች ወይስ ገና ናት? ጉበቷ ያንተ ነው ብለሽኛል፣ እንዳትረሺ!»

«ዝም በል፣ አንተ ደደብ!» አለች ቀበሮ።

ዳለቻ ዓይኗን ገለጠች። ለመነሣት ሞከረች፤ እግሮቿ አልታዘዟትም። የፊቶቹን ተከለች፤ የኋላዎቹ ከዷትና ወደቀች። እንደገና ሞከረች፤ ወደቀች። ጅቡ አፉን ከፍቶ ብቅ ሲል በሦስተኛው ተነሣች፤ እየተንገዳገደች ሮጠች።

አያ ጅቦ ሊከተላት ዘለለ። ነገር ግን ጉበት እያለመ በውርጩ ላይ ተቀምጦ ስለ ቆየ ጉልበቱ ደርቆ ነበር። ሁለት እርምጃ እንደ ሄደ በደነደነው ምንጭ ላይ ተንሸራቶ ተዘረረ።

«እመት ቀበሮ፣ እግሬ እምቢ አለኝ! ነይ አጠገቤ ተኚና አሙቂኝ!» ሲል ለመነ።

«እኔስ ራሴ በርዶኛል» አለችና ቀበሮ ጅራቷን ቆልፋ ወደ ጉድጓዷ ሄደች።

ዳለቻ ፀሐይ እስክትወጣ ሮጠች። ከዚያ በአፋፉ ላይ ቆመች፤ ከጀርባዋ እንፋሎት ይወጣል። የጅቡ ጥርስ አልነካትም። የቆሰለችው ያ «እንዴት አደርሽ» ውሸት በመሆኑ ነው። ያን ቀን ሣር አልጋጠችም።

በማግስቱ ግን፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ኮቴዋ እንደገና በተራራው ላይ ተሰማ። ታኅሣሥን እንዲሁ ጨረሰችው፤ ጥርንም እንዲሁ።

በየካቲት ነጋዴዎቹ በዚያው መንገድ ሲመለሱ አገኟት። ከስታለች፤ ጠጉሯ እንደ በግ ረዝሟል። አህዮቹ ከበቧትና አሸተቷት። ከሁሉም ያረጀው፣ ቡላ የሚባለው፣ ጠየቃት፦

«ይህን ሁሉ ውርጭ በምን ቻልሽው?»

«በሩጫ።»

«ከማን ጋር?»

ዳለቻ አንገቷን ደፋች። «ብቻዬን» አለች።

መንገድ ሲጀምሩ ቡላ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ዞሮ በጎኗ ቆመ፤ ቁልቁለቱን እስኪጨርሱም ከዚያ ጎን አልተለየም።

ከዚህ የምንማረው፣ ብቸኝነት ሲጠናብን አጠገባችን የተጋደመ ሁሉ ሊያሞቀን እንዳልመጣ ማወቅንና፣ ነፋሱን የሚከልልልን ወዳጅ እስኪደርስ በገዛ እግራችን መበርታትን ነው።