የወይንሸት ሁለተኛ ደብተር

አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። አንደኛዋ ወይንሸት፣ ሁለተኛዋ ዘቢባ ትባላለች። ዘቢባ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ከገጠር ትምህርት ቤት ወደ ከተማው ስትመጣ እንግሊዝኛ ይከብዳት ነበር፤ መምህር ሲጠይቃት ታቀረቅራለች። የክፍሉ የእንግሊዝኛ ጎበዝ ያኔ ወይንሸት ነበረች። ከትምህርት በኋላ እየቀረች ያስጠናቻት እሷ፣ ከመዝገበ ቃላት ላይ ቃል አፈላለግ ያሳየቻት እሷ፣ «አይዞሽ፣ ትለምጅዋለሽ» ያለቻትም እሷ ናት። ስታስጠናት ደግሞ ከልቧ ነበር። ከእኛ የሚያንስ ሰው ማገዝ እንዴት ደስ እንደሚል መቼም ታውቁታላችሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርሱ የእንግሊዝኛ መምህራቸው መምህር ወርቁ አንድ ነገር ጀመሩ። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናው ላይ ብዙ ከባድ ቃላት ይመጣሉና እያንዳንዱ ተማሪ በየቀኑ አዲስ ቃል ፈልጎ እንዲያመጣ፣ የተሻለው ቃል ደግሞ በእረፍት ሰዓት በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ እንዲቀርብ አደረጉ። ቃሉን ያመጣው ተማሪ ማይክ ይዞ ትርጉሙን ይናገራል፤ ከዚያም ራሱ በሠራው ዓረፍተ ነገር ያስረዳል። ወይንሸት ማይኩ ከእሷ እጅ እንደማይወጣ ቅንጣት ታህል አልተጠራጠረችም። የምትፈልገው ሕክምና ማጥናት ነው። ለዚያ ደግሞ ከፍተኛ ውጤት ያስፈልጋል፤ የምትተማመነውም በእንግሊዝኛዋ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ እሷ አቀረበች። በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ዘቢባ ተጠራች።

«ሪላክታንት» አለች ዘቢባ በድምፅ ማጉያው። «ሳይወድ፣ እያመነታ ማለት ነው።» ቀጠለችና ልብስ ሰፊው አባቷ ጥርሱን ለመነቀል ጤና ጣቢያ ሲሄድ፣ ላለመድረስ ብሎ መንገድ ላይ ያገኘውን ሰው ሁሉ እያቆመ ስለ ከብቱ ሳይቀር እንዴት እንደጠየቀ በእንግሊዝኛ ተናገረች። ግቢው በሳቅ ተናጋ። መምህር ወርቁ እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ወይንሸትም ሳቀች። «እኔ ያስተማርኳት ልጅ!» አለች ግን በልቧ። «ትናንት ስሟን በቅጡ መጻፍ ያቃታት ልጅ!» ይህኛው እንኳ ውሸት ነበር፤ ዘቢባ ስሟን መጻፍ አቅቷት አያውቅም። ቅናት ሲጀምር መጀመሪያ የሚያበላሸው ትዝታን ነው።

በዚያው ቀን ወይንሸት አዲስ ደብተር ከፈተች። ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፈለችና በግራ በኩል የዘቢባን ስም፣ በቀኝ በኩል የራሷን ጻፈች። ዘቢባ አንድ ቃል ባመጣች ቁጥር በግራው ታሰፍራለች፦ ቃሉን፣ ቀኑን፣ ከየት እንዳመጣችው፣ ማን እንዳደነቃት። «እሷ የምታውቀውን ካወቅኩ እበልጣታለሁ» ነበር ሐሳቧ። ሐሳቡ ክፋት የለውም። ችግሩ የግራው ገጽ በየቀኑ ሲሞላ የቀኙ እየሳሳ መሄዱ ነው፤ የሌላውን ሲጽፉ ውሎ ለራስ ጊዜ ከየት ይመጣል?

ዘቢባ ደግሞ አጠናኗ ለየት ያለ ነበር። አንድ ቃል ከያዘች ይዛው ከተማ ትዞራለች። የመድኃኒት ቤቱን ባለሙያ ትጠይቃለች፣ ጋራዥ ሄዳ ማኑዋል የሚያነበውን መካኒክ ትጠይቃለች፣ ከዚያ ያገኘችው ሰው ላይ ሁሉ ቃሉን ትሞክረዋለች። አባቷ ገና ከበር ስትገባ ሲያያት መቀሱን አስቀምጦ «ዛሬ ደግሞ ምን ልትይኝ ነው የመጣሽው?» ይላታል። ወይንሸት ይህን ሁሉ ታውቃለች። ዘቢባ የት እንደገባች፣ ስንት ሰዓት እንደወጣች ከሌሎች ልጆች ትጠይቅ ነበር፤ ቤተ መጻሕፍትም ውስጥ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ፣ መጽሐፍ ገልጣ፣ በመጽሐፉ አናት ላይ እሷን ታያለች።

አንድ ቀን ዘቢባ ዴስኩ ላይ ጠጋ ብላ ጠየቀቻት።

«ወይንዬ፣ ‹ሜቲኪዩለስ› ምን ማለት ነው? መዝገበ ቃላቱ ላይ ያለው አልገባኝም።»

ወይንሸት ቃሉን አሳምራ ታውቀዋለች።

«እኔም አላውቀውም» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ዘቢባ ከግቢው በር ጀምራ እየሮጠች መጣች። «ወይንዬ፣ አገኘሁልሽ! አላውቀውም ስትዪኝ ጊዜ መድኃኒት ቤት ድረስ ሄጄ ጠየቅኩ። እያንዳንዷን ነገር በጥንቃቄ የሚሠራ ሰው ማለት ነው። ልክ እንደ አባቴ! አንዲት ስፌት ከመስመር ከወጣችበት ሱሪውን እንዳለ ፈትቶ እንደገና ይሰፋዋል። ለምን ዛሬ አብረን አንሄድም? ሰውዬው ሲያስረዳ ደስ ይላል።»

«አይ፣ እኔ ብቻዬን ካልሆነ አይገባኝም» አለች ወይንሸት።

«እሺ፤ ካሰኘሽ ግን ንገሪኝ።»

ወይንሸት አፈረች፤ እፍረቷ ግን እስከ እረፍት ሰዓት እንኳ አልቆየም። ዘቢባ ማይኩን ስትጨብጥ ቅናቷ እንደገና ተነሳ። ደብተሯን አወጣችና በግራው ገጽ ጻፈች፦ «ሐሙስ። ከመድኃኒት ቤት። መምህር ወርቁ ሁለት ጊዜ ጎበዝ አሏት።»

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እየባሰ ሄደ። ወይንሸት «የመስኮቱ ፀሐይ ዓይኔን ይወጋኛል» ብላ ከዴስካቸው ተነስታ ወደ ኋላ ሄደች። እውነቱን ለመናገር ከኋላ ሆኖ ዘቢባን ማየት ይቀላል። ዘቢባ ከፍቷት ምን እንዳጠፋች ጠየቀቻት፤ ወይንሸት «ምንም» አለቻት። እቤት ስትገባም ደብተሩ ላይ ታቀረቅራለች፤ የሌሎቹን ትምህርቶች ደብተር ከገለጠች ሰንብታለች። ምግብ ሲቀርብላት እንኳ ቀና አትልም። እናቷ ለጎረቤቶቻቸው «ልጄ በጥናት አለቀችብኝ፤ ፊቷን ብታዩት እኮ!» እያለች ታወራለች። እውነትም ከስታ ነበር። ደክማም ነበር። የጻፈችበት እስክሪብቶ ስንቴ እንዳለቀ እሷም አታውቀውም።

የፈተናው ቀን ደረሰ። የእንግሊዝኛው ወረቀት ሲታደል ወይንሸት አልፈራችም። ገለጥ ስታደርገው እንዲያውም ልቧ በደስታ ዘለለ፤ የምታውቃቸው ቃላት ናቸው የመጡት። «ሪላክታንት» አለ አንዱ ጥያቄ። ታስታውሰዋለች! ማክሰኞ ነው። ዘቢባ ሰማያዊ ሻሽ አስራ ነበር፣ ግቢው በሳቅ ተናግቷል፣ መምህር ወርቁ መነጽራቸውን አውልቀዋል። ትርጉሙስ? አራቱን ምርጫዎች አነበበች፤ ደግማ አነበበች። አራቱም አንድ መሰሏት። የዚያን ማክሰኞ ጆሮዋ የሰማው ሳቁን ነበር፤ ትርጉሙን አልሰማችውም።

ሌላውን አየች። «ኦብሶሊት።» ይሄ ከጋራዡ የመጣው ነው፣ ዓርብ ዕለት፤ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ዘቢባን ከበው ፎቶ ተነስተዋል። ትርጉሙ፣ «ጊዜ ያለፈበት» የሚለው፣ ግን ጠፋባት። ቀጣዩም እንደዚያው ሆነባት። የእያንዳንዱን ቃል ቀኑን ታውቃለች፣ ማን እንዳደነቀው ታውቃለች፣ ስትሰማው ምን ያህል እንዳመማት ታውቃለች። ከእነዚያ ቃላት መሃል እርግጠኛ ሆና የመለሰችው «ሜቲኪዩለስ»ን ብቻ ነው፤ ጓደኛዋን የከለከለቻትን ቃል። የቀረውን በግምት አጠቆረች።

ውጤት ወጣ። ዘቢባ አለፈች። ወይንሸት ለሕክምና ቀርቶ ለመግቢያውም ነጥብ አልበቃትም። እናቷ ማመን አቃታት፤ «ወረቀቱ ተለዋውጦባት ነው» እያለች ሰንብታለች።

ወይንሸት የትምህርት ማስረጃዋን ልትወስድ ትምህርት ቤት ስትሄድ መምህር ወርቁ በረንዳ ላይ አገኟትና ወደ ጎን ወሰዷት።

«ልጄ፣ እኔን ግራ የገባኝ አንድ ነገር ነው» አሏት። «ዓመቱን ሙሉ ደብተር ላይ አቀርቅረሽ ነው የማይሽ። ከአንቺ በላይ የጻፈ ተማሪ አላየሁም። ምንድን ነበር የምታጠኚው?»

ወይንሸት ለመዋሸት አፏን ከፈተች። ከዚያ እንባዋ ቀደማት።

«ዘቢባን» አለች።

መምህሩ ወደ እሷ ጠጋ ብለው ጠየቋት።

«እሷ ቃላቱን ከየት እንደምታመጣ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስትሄድ አብረሽኝ ሂጂ ብላሽ አታውቅም?»

«ብላኛለች፣ ቲቸር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

መምህር ወርቁ ሌላ ነገር አልጠየቋትም። ትከሻዋን ቸብ ቸብ አድርገው እስክትረጋጋ አብረዋት ቆሙ።

እዚህ ላይ ወይንሸትን ሰነፍ ናት ብላችሁ እንዳትፈርዱ። ሰነፍ አልነበረችም። የቅናት ትልቁ ተንኮል ትጋት መምሰሉ ነው። እንደ ሥራ ያደክማል፣ እንደ ጥናት ያከሳል፣ ቀኑን ሙሉ ያስውላል፤ የሚያየን ሰው ያደንቀናል፣ እኛም ለፋን እንላለን። በመጨረሻ እጃችን ላይ የሚቀረው ግን የሌላ ሰው ታሪክ ነው፣ እሱም በደንብ ያልገባን። የሚያሳዝነው ደግሞ የምንቀናበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያለውን አልደበቀንም። «ነይ» ብሎናል፣ «ና» ብሎናል። አብሮ መሄድ ዝቅ ማለት ስለመሰለን ቆመን ማየትን መረጥን።

እስቲ ማንም ሳይሰማችሁ ለራሳችሁ መልሱ፦ እናንተ ዘንድሮ የምታጠኑት ማንን ነው?