«ሞተዋል» ያለው ወረቀት

እስኪ ጠጋ በሉ፣ የአንድ ጆንያ ነገር ልንገራችሁ። እትዬ አስካለ ከከተማው ፍሳሽ ማጣሪያ ጀርባ ጎመን ይተክላሉ። ዘንድሮ መሬታቸው ደክሞ ችግኛቸው ቢጫ ሆነባቸው። የፈለጉት አንድ ጆንያ የተጨመቀ ዝቃጭ ነው፣ ለማዳበሪያ፤ ሌላ ምንም።

«ጋሽ ደጀን፣ አንድ ጆንያ ይስጡኝ» አሏቸው የማጣሪያውን መጋዘን ጠባቂ።

«አልሰጥም። የላቦራቶሪው ወረቀት የዝቃጩ ጀርሞች ሞተዋል ይላል፤ አፍንጫዬ ግን አልሞቱም ይላል።»

እትዬ አስካለ ወደ ጀርሞቹ ዞሩ። «ምነው አትሞቱም?»

«ዝቃጩ ሲቀቀል ተኝተን ነበር እንጂ አልሞትንም፤ መጭመቂያው ውሃውን ሲያወጣው ነቃን። ኖራ ካልመጣብን አንሞትም።» ጀርሞቹ አንሞትም አሉ፣ ጋሽ ደጀን አልሰጥም አሉ።

ኖራውን ለመኑት። «አለቃው አቶ ጎሹ ካላዘዙኝ አልወጣም» አለ። ኖራው አልወጣም አለ፣ ጀርሞቹ አንሞትም አሉ፣ ጋሽ ደጀን አልሰጥም አሉ።

አቶ ጎሹ ደግሞ፣ «ወረቀቱ ሞተዋል እያለ? ለሞተ ኖራ አላዝም!» አቶ ጎሹ አላዝም አሉ፣ ኖራው አልወጣም አለ፣ ጀርሞቹ አንሞትም አሉ፣ ጋሽ ደጀን አልሰጥም አሉ።

ወረቀቱም ኮራ ብሎ፣ «የጻፈችኝ ካልሰረዘችኝ ቃሌን አልቀይርም» አለ። ወረቀቱ አልቀይርም አለ፣ አቶ ጎሹ አላዝም አሉ፣ ኖራው አልወጣም አለ፣ ጀርሞቹ አንሞትም አሉ፣ ጋሽ ደጀን አልሰጥም አሉ።

የጻፈችው የላቦራቶሪዋ ፍሬሕይወት ናት። ናሙናውን የቀዳችው ከመቀቀያው ቧንቧ ነው፣ ሳይጨመቅ በፊት። ከተጨመቀው መቆፈር ሰልችቷት ነበር። ከዚያ የተቀዳ እንደማይሆን ታውቃለች፤ ግን ስህተቷን በእጇ ለመጻፍ አፈረች። «አልሰርዝም» ብላ ሳምንት ሙሉ እስክሪብቶዋን ስታገላብጥ ከረመች። ያሳዝናል፣ አንድ ቃል እኮ ነው።

በስምንተኛው ቀን እትዬ አስካለ አንድ ችግኝ ነቅለው መጡና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ይኼ ተኝቶ ነው ወይስ ሞቶ?»

ፍሬሕይወት አለቀሰች። አልቅሳም ሰረዘች። ያኔ ወረቀቱ ቃሉን ቀየረ፣ አቶ ጎሹ አዘዙ፣ ኖራው ወጣ፣ ጀርሞቹ ሞቱ። ፍሬሕይወት ራሷ አካፋ ይዛ ከተጨመቀው ናሙና ወሰደች፤ ንጹህ ነበር። ጋሽ ደጀንም ጆንያውን ሰጡ።

ፍሬሕይወት ተሸክማ እስከ ጎመኑ መደብ አደረሰችላቸው። መደቡ ላይ የቆመ ችግኝ አልነበረም።

«እትዬ፣ በመጀመሪያው ቀን ብሰርዘው ኖሮ ችግኙ ይተርፍ ነበር?»

እትዬ አስካለ ግድ የለም ሊሏት ፈለጉ፤ አልወጣላቸውም።

«አዎ ልጄ» አሏት፣ «ይተርፍ ነበር።»