አንበሳው ፀሐይ የሆነ ዕለት

ከወንዙ ማዶ ባለው ጫካ የማዕረግ መለኪያው እጅግ ቀላል ነበር፤ ከአንበሳው ጢም እስከ መቀመጫህ ያለው ርቀት ብቻ። ቀረብ ብሎ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ነው፤ ራቅ ያለ ትንሽ ነው፤ ጨርሶ የማይታየው ደግሞ ግብር ከፋይ ነው። አውሬው ሁሉ ዕድሜውን የሚጨርሰው አንድ እርምጃ ለመጠጋት ሲጋፋ ነበር። አደን በጠፋ ቀን የንጉሡ መዳፍ ቀድሞ የሚያገኘው በቅርብ ያለውን እንደሆነ ማንም አልዘነጋም። ከአያ ጅቦ በፊት እልፍኝ አስከልካይ የነበረው ከርከሮም የሄደው በዚሁ መንገድ ነው። በአደባባይ ግን "ከርከሮ በክብር ወደ ውስጥ ተዛወረ" ተባለ እንጂ ለነገሩ ሌላ ስም አልወጣለትም፤ ክፍት የሆነውን ቦታ ለመያዝም በማግስቱ አመልካቾች ተራገጡ።

እመት ጃርት ከዚህ ግፊያ ርቃ የምትኖር የትንንሾቹ መምህርት ነበረች። ሌሊት ሥር ስትቆፍር ቀና እያለች ሰማይ ማየት ልማዷ ስለሆነ፣ ቀን ቀን የሚዳቋን፣ የጥንቸልንና የጦጣን ልጆች ከሾላው ሥር ሰብስባ ያየችውንና ያነበበችውን ታስተምራለች። ከጀርባዋ አንዲት እሾህ ነቅላ መጠቆሚያ ታደርግና አፈሩ ላይ ክብ ትስላለች። በዚያ ሰሞን የደረሱት ሥርዓተ ፀሐይ የሚለው ምዕራፍ ላይ ነበር።

"ፀሐይ መካከል ናት" አለች። "ስምንት ፕላኔቶች ይዞሯታል። እኛ ያለንባት መሬት ሦስተኛዋ ናት።"

"ምን ፈልገው ነው የሚዞሯት፣ እትዬ?" አለች ብርቄ የምትባለው የሚዳቋ ግልገል።

"ፀሐይ ወደ ራሷ ትስባቸዋለች፤ እነሱ ደግሞ ወደ ጎን ስለሚሮጡ አይወድቁባትም።"

"ሩጫውን ቢያቆሙስ?"

"ይወድቁባታላ።"

"እንደ ከርከሮ በሉኛ።"

ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ። እመት ጃርት ግን አልሳቀችም፤ ከቁጥቋጦው ጀርባ አንድ ቀይ ጅራት አይታ ነበር። ጅራቱ የንጉሡ የትምህርት ተቆጣጣሪ የቀይ ቀበሮ ነው።

በማግስቱ ጉባኤ ተጠራ። ቀይ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

"ጃንሆይ፣ ይህች ሴት መካከል ላይ የተቀመጠ፣ ሌላው ሁሉ የሚዞረው አንድ አካል አለ እያለች ለሕፃናት ታስተምራለች።"

"ደግ ታስተምራለች" አለ አንበሳው።

"ነገር ግን ጃንሆይ፣ በእርሷ ትምህርት ያ አካል እርስዎ አይደሉም።"

ዝሆን ማመንዠኩን አቆመ። ቀይ ቀበሮም ትምህርት ቤቱ እንዲዘጋ፣ ተማሪዎቹም አንድ ሳይቀር ወደ ውስጥ እንዲዛወሩ ሐሳብ አቀረበ። "ወደ ውስጥ" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ከኋላ የቆሙት እናቶች ልጆቻቸውን በእግሮቻቸው መካከል ሸሸጉ፤ የእመት ጃርትም እሾህ ሳታዘው ቆመ።

አንበሳው ወደ እርሷ ዞረ። "እስቲ ንገሪኝ። ይህቺ ፀሐይ ምን ዓይነት ናት?"

"ጃንሆይ፣ ከሚዞሯት ሁሉ ትበልጣለች። ትኩር ብሎ የሚያያት ዓይኑ ይጠፋል። ለማንም ብላ ከቦታዋ አትነሣም።"

"ዙሪያዋን እንደ ጋማ ያለ ነገር አላት?"

"ነበልባል አላት።"

አንበሳው ጉባኤውን በዝግታ ቃኘ። "ታዲያ ይህቺ ፀሐይ እኔ አይደለሁም ያለው ማን ነው?"

ቀይ ቀበሮ የፊት እግሩን ጥፍሮች በጥሞና መመርመር ጀመረ።

"ነገ ትምህርቱን በሜዳው ላይ በአካል ታሳዪኛለሽ" ሲል ንጉሡ ፈረደ። "ፀሐይ እኔ ነኝ። መኳንንቱ ይዞሩኛል። ነገሩ እንዳስተማርሽው ከሆነ ትምህርት ቤቱ ይቀጥል። አንዲት ነገር ብትዛነፍ ግን ልጆቹ ወደ ውስጥ ይዛወራሉ።"

ጉባኤው ሲበተን መኳንንቱ እመት ጃርትን ከበቧት።

"የመጀመሪያዋ የእኔ ናት" አለ አያ ጅቦ።

"ሜርኩሪ ትንሽ ናት፣ አያ ጅቦ። ፊቷ የተቃጠለና የተቦዳደሰ ነው፤ የሚከልላት አየር እንኳ የላትም። ደግሞ ከሁሉ አብልጣ መሮጥ አለባት።"

"ቅርብ ናት አይደለችም?"

"ቅርብስ ናት።"

"ጨርሰናል።"

ነብር ሁለተኛዋን ቬነስን ወሰደ። ደመና ስለተከናነበች ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ከሜርኩሪም የባሰ እንደምትግል ቢነገረው፣ "እኔ እንደሆነ ብርድ አልወድም" አለ፤ ዓይኑ ግን ከጅቡ ቦታ አልተነቀለም። ቀይ ቀበሮ ሦስተኛዋን ጠየቀ።

"መሬትማ ነፍስ ያላቸው ይኖሩባታል" አለች እመት ጃርት፣ ልጆቿን በዓይኗ እየፈለገች። "ስለዚህ ተማሪዎቹን በሙሉ በጀርባዎ አዝለው ነው የሚሮጡት።"

"አራተኛዋ ምን አላት?"

"ማርስ? ቀይ ናት።"

ቀበሮ ጅራቱን ዞሮ አየና ረካ። መሬት ለልጆቹ ቀረች፤ አንድ የጦጣ ግልገልም ጨረቃ ሆኖ እነሱን እንዲዞር ተመደበ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ርቀት የሚሻማ አልተገኘም። ዝሆን በመጠኑ ምክንያት ጁፒተር ሆነ። ጎሽ ነጫጭ ወፎች ሁልጊዜ ስለሚያንዣብቡበት ባለ ቀለበቷን ሳተርንን ሰጡት። ጉማሬ በጎኑ ተጋድሞ የሚሠራ ሥራ መኖሩን ሲሰማ በጎኗ ተጋድማ የምትዞረውን ዩራነስን ያለ ክርክር ተቀበለ። ከሁሉ ርቃ በብርድና በጨለማ የምትዞረው ኔፕቹን ብቻ ቀረች።

"እኔ ልሂድባት እንጂ" አለች ኤሊ ከሣሩ ውስጥ አንገቷን አውጥታ። "መቼስ የሚጠብቀኝ የለ።"

ጠዋት አንበሳው በሜዳው መካከል ካለው ዐለት ላይ ተሰየመ። እመት ጃርት እሾኋን አንሥታ ሕጉን አሰማች፤ የመጨረሻዋ ፕላኔት ዙሯን እስክትጨርስ ፀሐይ ከቦታዋ አትነሣም።

"ፀሐይ መቼ ተነሥታ ታውቃለች?" አለ አንበሳው፤ መኳንንቱም በዚህ አነጋገር ጥልቀት ተደነቁ።

ዙሩ ተጀመረ። እመት ጃርት ከጉብታው ላይ ሆና አንድም ነገር እንዳይዛነፍ ትቆጣጠር ነበር፤ ጉማሬ እንዳይቀመጥ፣ ወፎቹ ከጎሽ እንዳይርቁ፣ ልጆቹ ከነብር ጀርባና ከቀበሮ ፊት መስመራቸውን እንዳይለቁ። ልጆቹ ሙቀቱም ብርዱም ሳይነካቸው እየዘፈኑ ይዞራሉ። አያ ጅቦ ግን ላብ በላብ ሆኖ፣ ምላሱን አንጠልጥሎ፣ በንጉሡ አፍንጫ ሥር ደግሞ ደጋግሞ ያልፋል። የክብር ቦታ ይህን ያህል እንደሚያስሮጥ ቀድሞ የነገረው አልነበረም፤ የነገረችው ብትኖርም አልሰማትም።

እኩለ ቀን ሲሆን የአንበሳው ሆድ ጮኸ። ቁርስ አልበላም ነበር፤ ፀሐይ ቁርስ ትበላለች የሚል ነገር በትምህርቱ ውስጥ ስለሌለ።

"ያቺ የመጨረሻዋ የት ደረሰች?"

ሁሉም ወደ ሜዳው ዳር አዩ። ኤሊ የመጀመሪያውን ቁጥቋጦ ለማለፍ ተቃርባለች።

"እውነተኛዋ ኔፕቹን አንድ ዙር ለመጨረስ መቶ ስልሳ አምስት ዓመት ይፈጅባታል ጃንሆይ" አለች እመት ጃርት። "የእኛዋ ፈጣን ናት። ክረምቱ ሳይወጣ ትደርሳለች ብዬ እገምታለሁ።"

አንበሳው ቢነሣ፣ ጫካው ሁሉ እያየ ፀሐይ አለመሆኑን በገዛ እግሩ መመስከሩ ነው። ቢቀመጥ ሆዱ አለ። በዚህ መካከል አያ ጅቦ እንደገና እያለከለከ መጣ፤ የንጉሡም ዓይን ታፋው ላይ ተተክሎ አብሮት ዞረ። በሚቀጥለው ዙር መዳፉ ከዐለቱ ጫፍ ወረደ። ከዚያም በሚቀጥለው አፉ በሰፊው ተከፈተ፤ አያ ጅቦ ከጥርሱ ፊት ሲደርስ ሩጫውን አቆመ።

"እትዬ፣ ይህም ከትምህርቱ ነው?" ስትል ብርቄ ከመሬት ላይ ጠየቀች።

እመት ጃርት ወደ ልጆቹ አየች። አይደለም ብትል፣ ትምህርቱ ተዛነፈ ማለት ነው፤ ልጆቹም ወደ ውስጥ። ነው ብትል ግን፣ እውነቱ በዚያ አያበቃም፤ ቀሪውን ለአንበሳ ፊት ለፊት የነገረ እስከ ዛሬ አልተሰማም። እሾኋን ያዝ ጠበቅ አደረገች።

"ነው፣ ብርቄ። እንዳላስደነግጣችሁ ብዬ አቆይቼው ነበር። ፀሐይ በዘመኗ መጨረሻ ታብጣለች። ስታብጥ በቅርብ ያለችውን ሜርኩሪን ትውጣለች፤ ቀጥላም ቬነስን።"

"ቬነስን ደግሞ ምን ታደርጋለች?" አለ ነብር።

"ትውጣለች። ስለዚህ ጃንሆይ ቢበሉ ትምህርቱ አይዛነፍም።"

"ከዋጠቻቸው በኋላስ ምን ትሆናለች?" አለች ብርቄ።

"ከዚያማ ኮስምና፣ ነጥታ፣ ቀስ በቀስ ትቀዘቅዛለች። ጎረቤቶቿን መዋጥ ስትጀምር፣ ፍጻሜዋ መድረሱን በሩቅ ያለው ሁሉ ያውቃል።"

በሩቅ ያሉት ሁሉ አንበሳውን አዩት፤ ዝሆን፣ ጎሽ፣ በጎኑ የተጋደመው ጉማሬም ጭምር። እንዲህ ትኩር ብለው ሲያዩት የማንም ዓይን አልጠፋም። አንበሳው አፉን እንደከፈተ ጥቂት ቆየ። ከዚያም አንገቱን ወደ ኋላ ቀልሶ፣ ረዘም ያለ ማዛጋት አዛጋና ዘጋው።

"ያ ዘመን መቼ ነው?" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"የእውነተኛዋ እጅግ ሩቅ ነው ጃንሆይ። የእርስዎን አላስተማርኩም።"

ሩጫው ቀጠለ፤ ነገር ግን አያ ጅቦ ሲዞር ትንሽ ሰፋ አድርጎ ነበር። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ሰፋ አደረገ። ነብርም ያን ያህል ራቀ። ከአፍታ በኋላ ሁለቱም ልጆቹን በትህትና አልፈው፣ ከዝሆን ጋር "ጠጋ በልልን" "የት ልጠጋ?" ሲባባሉ ተሰሙ። ሥርዓቱ መዛነፉን በይፋ ማመልከት የነበረበት ተቆጣጣሪው ቀይ ቀበሮ ነው፤ እርሱ ግን በዚያ ሰዓት ከሳተርን ጀርባ ስለነበር የሚያመለክተው አልታየውም። ከቦታቸው ንቅንቅ ያላሉት ልጆቹ ብቻ ነበሩ። ስለ ትምህርት ቤቱ ማንም ቃል አልተነፈሰም፤ እመት ጃርትም ዝምታውን እንደ ፈቃድ ቆጥራ ልጆቹን ሰበሰበችና ለእናቶቻቸው አስረከበች።

ቀኑ ሲመሽ ሜዳው ባዶ መሰለ። አንበሳው ከዐለቱ ላይ አንገቱን አንሥቶ ተጣራ።

"አያ ጅቦ። የት ነህ?"

"አለሁ ጃንሆይ" የሚል ድምፅ ከሩቅ መጣ። "እየዞርኩዎት ነው።"

አንበሳው ጆሮውን አቆመ፤ ድምፁ ከየት በኩል እንደመጣ ግን መለየት አልቻለም።