የዘንዶዎቹ ምሳ

ኑ፣ ጠጋ በሉ እስቲ። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄ አይሰማችሁም። አንቺም ስልክሽን አስቀምጪው፤ የማወራው የናንተኑ የኮምፒውተር ጉድ ነው።

አንድ ቀን ነው አሉ። ገርጂ ውስጥ ልዑልሰገድ የሚባል ባለ ድርጅት ነበር፤ ኮምፒውተሩን በቋንቋው እየጻፉ የሚያዙ ልጆች ቀጥሮ የሚያሠራ። ኮምፒውተር ቋንቋ አለው፣ ያውም ብዙ፤ እኔ አንዱን አማርኛ እንኳ ማንበብ አቅቶኝ እሱ ስንቱን ይሰማል። ታዲያ አንዱ ቋንቋ ስሙ ፓይተን ነው፤ በፈረንጅ አፍ ዘንዶ ማለት ነው። ሌላው ረስት ይባላል፤ ዝገት እንደማለት። ልዑልሰገድ በፓይተን የሚጽፉትን «ዘንዶዎች»፣ በረስት የሚጽፉትን «ዝገቶች» ብሎ ስም አወጣላቸው። ልጆቹም ስቀው ተቀበሉት። ለካ ሰውየው ቋጣሪ ነው፤ ስሙን ያወጣው ለቁጠባ ኖሯል። ሲቆጣ ደግሞ ስድቡ አይጣል ነው።

መጀመሪያ ከዝገቶቹ ክፍል የሚጠጣውን ውሃ አስነሣ። «ዝገትና ውሃ አይስማሙም፤ ይብስባችኋል» አላቸው። ምን ይበሉ፣ ከቤታቸው በሃይላንድ እየያዙ መምጣት ጀመሩ።

ቀጥሎ የዘንዶዎቹ ምሳ ላይ መጣ። ከነሱ መሃል ይታገሱ የሚባል ልጅ አለ፤ አከራዩ ክፍሉ ውስጥ እሳት እንዳይለኩስ ከልክላዋለች። የሞቀ ምግብ አፉ የሚገባው በዚያች በመሥሪያ ቤት ምሳ ብቻ ነው፣ ምስኪን።

ያን ዕለት ልዑልሰገድ ሥራ ሊሰጠው የመጣ አንድ ትልቅ ሰው እያስጎበኘ ዘንዶዎቹ ክፍል ገባ። ቀልድ ማወቁን ሊያሳይ ብሎ፣

«እነዚህ ዘንዶዎቼ ናቸው» አለ። «ልጆች፣ ከነገ ጀምሮ ምሳ ቀርቷል።»

«ምነው ጋሼ፣ ምን አጠፋን?» አለ ይታገሱ።

«ምንም። ዘንዶ አንዴ ከዋጠ ወር ይከርማል ሲባል አልሰማህም? በየቀኑ ምሳ የሚበላ ዘንዶ የት አገር አለ?»

እንግዳው ፈገግ አለ። ይታገሱ ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ ነሣ።

«እውነትዎን ነው ጋሼ። ዘንዶ ወር የሚከርመው ግን ፍየል ከነቀንዱ ውጦ ነው። እኛ እስካሁን የዋጥነው የእርስዎን ስድብ ነው፤ እሱም አልፈጭ ብሎናል።»

እንግዳው ሆዱን ይዞ ሳቀ። «በል እንግዲህ ልዑልሰገድ» አለው፣ «ወይ ምሳውን፣ ወይ ፍየሉን።»

በሰው ፊት ወዴት ይሸሻል? ምሳውን መረጠ። ፍየል የት ተችሎ።

ከዚያ ወዲህ ምሳው አልተቋረጠም፤ የዝገቶቹም ውሃ ተመለሰ። እንግዳው ሥራውን ሰጠ። ይታገሱ አግብቷል፤ ዛሬ የራሱ ማድቤት አለው። ልዑልሰገድም ደህና ነው፣ እዚያው ገርጂ አለ፤ ልጆቹ ግን በተራቸው ለሱም ስም አውጥተውለት፣ ዞር ባለ ቁጥር «ፍየሉ ሄደ?» ነው የሚባባሉት።