ሚልኪያስ አልጠባም ያለ ለት

ጆሮ ያላችሁ ስሙኝ፣ ልጅ ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ ነገሩ የሆነው ድሬዳዋ ነው፤ ሰውም ሱቅም ከፀሐይ በሚሸሸግበት በቀትር ሰዓት።

ትርሲት የምትባል ተዋናይ ነበረች። በአንድ ትንሽ አዳራሽ፣ ለልጆች በሚታይ ቴአትር፣ ጅብ ሆና ትጫወታለች። ፊቷን በጥቁርና በግራጫ የቅባት ቀለም ይለቀልቋታል፤ አፏ ዙሪያ ጥርስ ይሥሉባታል። ከወለደች ወዲህ መድረክ ላይ ስትወጣ ያ ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። ተመልካቾቹ ልጆች ፈርተውም ስቀውም ወደየቤታቸው ሲበተኑ፣ የባሏ እህት ሰሎሜ ሕፃኑን ሚልኪያስን ታቅፋ እየተጣደፈች ገባች።

"ቶሎ ያዢው በናትሽ። ከጠዋት ጀምሮ ጡጦ አልነካ አለኝ። ጮሆ ጮሆ ድምፁ ሰለለ።"

የትርሲት ጡት ሞልቶ ቀሚሷን አርሶት ነበር። እጇን ዘረጋች። ሚልኪያስ ቀና ብሎ አያት። ጅብ! ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ጮኸና ፊቱን ሰሎሜ ትከሻ ውስጥ ቀበረ። ሻርፕ ብትከናነብ ሻርፑን ጎትቶ ገለጠው። "እኔ ነኝ የኔ ጌታ፣ እኔ ነኝ" ብላ ብታባብለው፣ ድምፁ የእናቱ ፊቱ የጅብ ሆነበትና ጭራሽ ባሰበት።

ልጁ አልጠባም አለ።

ትርሲት የፈለገችው አንዲት ነገር ብቻ ነበር፤ አንዲት የፊት ማጽጃ እርጥብ ሶፍት። ወደ መልበሻ ክፍሉ ሮጠች። እሽጉ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ጠዋት በጥድፊያ ክዳኑን ሳትዘጋው ሄዳ፣ ፀሐይ ሲመታው ውሎ፣ እርጥበቱ ተሟጦ አልቋል። አንዱን ስትስበው እንደ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ውሃ ነክራ ሞከረችው። ማጽጃው አብሮ ደርቆ ኖሮ፣ ቀለሙን ከግንባሯ ወደ ጉንጯ አዛወረው እንጂ አላነሳውም። በሳሙና ብትታጠብ ጅቡ የተሰነጣጠቀ ጅብ ሆነና ይባስ አስፈራ። ሱቅ እንዳትልክ፣ ያኔ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ ጋደም ብሏል።

ሶፍቱ ደርቄያለሁ አለ፤ ቀለሙ አልለቅም አለ፤ ልጁ አልጠባም አለ።

"እትዬ ጥሩወርቅ!" ብላ ጮኸች። እትዬ ጥሩወርቅ የአዳራሹን አልባሳትና መዋቢያ የሚጠብቁ ሴት ናቸው። "አዲስ እሽግ አለ?"

"ሞልቶ! ዕቃ ቤት ነው ያለው። ከፀሐይ ርቆ፣ ሣጥን ውስጥ፣ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ። አሁን አመጣልሻለሁ።"

የዕቃ ቤቱ በር በጓሮ በኩል፣ ወደ ጠባቡ መንገድ ነው የሚከፈተው። እትዬ ጥሩወርቅ ዞረው ሄደው መቆለፊያውን አወለቁ፣ በሩን ሳቡ። ጣት የሚያስገባ ያህል ተከፈተና ቆመ። አሸዋ የጫነ መኪና በሩን ተደግፎት ቆሟል።

በሩ አልከፈትም አለ፤ ሶፍቱ አልወጣም አለ፤ ቀለሙ አልለቅም አለ፤ ልጁ አልጠባም አለ።

"አንተ ሹፌር፣ መኪናህን ዞር አድርግልኝ!" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ።

ሹፌሩ ወንዳፍራሽ ይባላል። መሪው ላይ ክንዱን አስደግፎ ላቡን ያብሳል። "አቦ፣ እኔስ መች ጠላሁ እትዬ! ፊት ለፊቴ ግንብ ነው፤ ኋላዬ ሐብሐብ ነው። ሐብሐቡ ካልተነሳ ወዴት ልሂድ?"

እውነቱን ነው። ከመኪናው ኋላ፣ በመንገዱ ልክ፣ ሐብሐብ ተከምሯል።

ሐብሐቡ አልነሳም አለ፤ መኪናው አልሄድም አለ፤ በሩ አልከፈትም አለ፤ ሶፍቱ አልወጣም አለ፤ ቀለሙ አልለቅም አለ፤ ልጁ አልጠባም አለ።

ከሐብሐቡ አጠገብ ባለቤቱ አባባ ጠልሃ በዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ጺማቸውን በሦስት ጣታቸው ይዘዋል።

"አባባ፣ እባክዎ ሐብሐቡን ያንሱልን፣ መኪናው ይውጣ።"

"አላነሳም።"

"ምነው አባባ?"

"ይኼ ልጅ መኪናውን ወደ ኋላ ነድቶ አንዱን ሐብሐብ ጨፈለቀብኝ። እሱስ ይሁን፣ ሐብሐብ ነው። ግን ወርዶ እንደ ማዘን 'ሽማግሌ፣ ይኼን ቆሻሻህን አንሳ' አለኝ። በቆሻሻ ነው ልጆች ያሳደግኩት? ይቅርታ ካልጠየቀኝ ከዚህች ዱካ አልነሳም።"

እትዬ ጥሩወርቅ ወደ ሹፌሩ ተመለሱ። "በል ይቅርታ ጠይቃቸው።"

"አልጠይቅም! እኔ ከገባሁ በኋላ መንገድ ላይ የከመሩት እሳቸው፣ ይቅርታ ጠያቂው እኔ?" አለና መስታወቱን ዘጋው።

ሹፌሩ ይቅርታ አልልም አለ፤ ሽማግሌው አልነሳም አሉ፤ ሐብሐቡ አልነሳም አለ፤ መኪናው አልሄድም አለ፤ በሩ አልከፈትም አለ፤ ሶፍቱ አልወጣም አለ፤ ቀለሙ አልለቅም አለ፤ ልጁ አልጠባም አለ።

እትዬ ጥሩወርቅ እያለከለኩ ተመልሰው ይህን ሁሉ ለትርሲት ነገሯት። ሚልኪያስ አሁን መጮኹን ትቶ ያቃስታል፤ ከንፈሩ ደርቋል። የሕፃን ጩኸት ያስደነግጣል፤ ዝምታው ግን የባሰ ነው። ትርሲት ሻርፗን ጣለችና በዚያው ፊቷ ወደ ፀሐዩ ወጣች። ሰሎሜ ልጁን ይዛ ተከተለቻት።

ጥላ ሥር ተጋድመው የነበሩ ሰዎች ቀና ብለው ሳቁ። "ጅቧ በቀን ወጣች!" አለ አንዱ። ትርሲት አልሰማችውም። አባባ ጠልሃ እግር ሥር ተንበረከከች።

"አባባ፣ ልጄ አልጠባም አለኝ።"

ሽማግሌው ደንግጠው አዩዋት። መጀመሪያ ፊቷን፣ ቀጥሎ የረጠበውን ቀሚሷን፣ ቀጥሎ ከኋላዋ የሚያቃስተውን ሕፃን።

"የማይጠባው ፊቴን ፈርቶ ነው። ፊቴ ያልጠራው ሶፍቱ ደርቆ ነው። አዲሱ ያለው ከዚህ በር ኋላ ነው። በሩን የያዘው መኪናው ነው። መኪናውን የያዘው ሐብሐቡ ነው። ሐብሐቡን የያዙት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎን የያዘዎት ንዴት ነው። ንዴቱም ልክ ነው፣ አባባ። ልጄ ግን ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም።"

አባባ ጠልሃ ዱካቸውን ገፍተው ብድግ አሉ።

"ታዲያ ይኼን እስካሁን ማን ነገረኝ? የመጣው ሁሉ ተነስ፣ አንሳ ነው የሚለኝ! ልጅ ተርቦ ነው የሚል ሰው ይጥፋ?" አሉና ትልቁን ሐብሐብ ታቀፉ። ክብደቱ ግን አንገዳገዳቸው።

የመኪናው በር ተከፈተ። ወንዳፍራሽ ዘሎ ወርዶ ሐብሐቡን ከእጃቸው ተቀበለ። የሕፃኑን ማቃሰት እሱም ሰምቷል።

"ይተዉት አባባ፣ እኔ ላንሳው። አፌ ነው ያጠፋው… ይቅር ይበሉኝ።"

"አንሳ፣ አንሳ። ይቅርታው ተሰምቷል። እንዳትጥለው ብቻ!"

የሳቁትም ሰዎች ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው መጡ፤ ሐብሐቡን እጅ በእጅ እየተቀባበሉ ወደ ግንቡ ጥግ አስጠጉት።

ሹፌሩ ይቅርታ አለ፤ ሽማግሌው ተነሱ፤ ሐብሐቡ ተነሳ፤ መኪናው ሄደ፤ በሩ ተከፈተ፤ ሶፍቱ ወጣ። እትዬ ጥሩወርቅ እሽጉን ቀደው ክዳኑን ላጥ ሲያደርጉት፣ ቀዝቃዛ እርጥበት እጃቸው ላይ አረፈ። አንዱን መዘው ክዳኑን ወዲያው ተጭነው ለጠፉት።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ትርሲት እየተጣደፈች ልትፈትግ ስትል እትዬ ጥሩወርቅ እጇን ያዟት።

"ቆይ፣ ቆዳሽን ትልጪዋለሽ። ዓይንሽን ጨፍኚ። ቀለሙ ላይ አሳርፊውና ትንሽ ጠብቂ፤ ራሱ ይለቃል። አሁን ቀስ ብለሽ ወደ ታች ሳቢው። አዎ። ገልብጪውና በንጹሑ በኩል ድገሚው።"

ጥርሱ ለቀቀ፤ ጥቁሩ ለቀቀ፤ ከጅቡ ሥር ግንባሯ ወጣ፣ ቅንድቧ ወጣ፣ ጉንጯ ወጣ። የማጽጃው ርዝራዥ ልጁን እንዳይነካው ፊቷንና እጇን በንጹሕ ውሃ ተለቃለቀች። ከዚያ ሚልኪያስን ከሰሎሜ ተቀበለችው።

አያት። ከንፈሩ ለለቅሶ ተጣመመ፤ ግን አላለቀሰም። እርጥብ አፍንጫዋን በእጁ ነካ፣ አገጯን ነካ። ከዚያ ጭንቅላቱን ደረቷ ውስጥ ቀብሮ ጡቷን ያዘ። እንደዚያ ሲስብ አይታው አታውቅም፤ ሲውጥ እንኳ ድምፁ ይሰማል። በጭንቀት ተሰቅሎ የነበረው የትርሲት ትከሻ ወርዶ በቦታው ተቀመጠ። እንባዋ ፈሰሰ፤ ማንም አታልቅሺ አላላትም። ሰሎሜ ወለሉ ላይ ዘርፈጥ ብላ "እፎይ!" አለች።

አባባ ጠልሃ ደፍ ላይ ቆመው፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ መልሰው "ያዘ?" ብለው ጠየቁ።

"ያዘ!" አለች ሰሎሜ።

አባባ ለወንዳፍራሽ "ያዘ!" አሉት። ወንዳፍራሽ ከመኪናው ላይ ሆኖ ሐብሐብ ላነሱት ሰዎች "ያዘ!" ብሎ ጮኸ። "ያዘ! ያዘ!" እየተባለ ወሬው በጠባቡ መንገድ እስከ ወዲያኛው ጫፍ ሄደ። ሰዉም ተመልሶ ጥላው ሥር ጋደም አለ።

ተረቴ እዚህ ትረፍ፤ በየቤታችሁ ያለ ሕፃን ሁሉ ጠግቦ ይተኛ።